ማርሹ ከላይ ነው የሚቀየረው

ደሴ ውስጥ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቤቱ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ከደጃፍ የማይለይበት ሰፈር ነው። ሚስት፣ የ15 ዓመት ሴት ልጅና ሁለት ትንንሽ ወንዶች ልጆች አሉት። ከደሴ ጥራጥሬ እየጫነ በኮምቦልቻ፣ በባቲና በሚሌ አድርጎ፣ ድንበሩን ጋላፊ ላይ ተሻግሮ ጅቡቲ ያራግፋል፤ ሲመለስም የተገኘውን ጭኖ ይመጣል። በሙያው የተመሰገነ ሰው ነበር። 20 ዓመት መሪ ይዞ ሰው አልገጨም፣ ጭነት አልደፋም።

ረዳቱ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ ጢሙ ገና አልበቀለም። ሹፌሩ ለዚህ ልጅ እንደ አባትም እንደ አስተማሪም ነው። ከደሴ ቁልቁል የሚወርድ መኪና መጀመሪያ የሚጠብቀው የሐረጎ ቁልቁለት ነውና ትምህርቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሐላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ያን ሁሉ ከፍታ በዚያች አጭር መንገድ የሚወርድ መኪና አንዱን ኩርባ ሳይጨርስ ሌላው ውስጥ ይገባል፤ በአንድ ጎን ግድግዳ፣ በሌላው ጎን ገደል ነው።

ሹፌሩ ከቁልቁለቱ በፊት መኪናውን ዳር ያስይዛል። ረዳቱ ወርዶ ጎማውን እየዞረ ይመታል፣ የሸራውን ገመድ ይጎትታል፣ ታኮው በቦታው መኖሩን ያያል። ከዚያ ሹፌሩ «ቢስሚላህ» ሲል ረዳቱ ያማትባል፤ ወሎ ነውና ሁለቱም በአንድ ጋቢና ይወርዳሉ።

«ስማ» ይለዋል ሹፌሩ፣ «ማርሽ የሚቀየረው እዚህ ነው፤ ሜዳው ላይ። በከባድ ማርሽ ከገባህ መኪናውን ሞተሩ ይይዝልሃል፤ ፍሬንህ ለክፉ ቀን ይቀመጥልሃል። በቀላል ማርሽ ገብተህ መሐል ላይ ስትደርስ ልቀይር ካልክ ግን አይገባልህም። ዜሮ ላይ ይቀርና መኪናው ጭነቱን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለህ ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ይግላል፤ ሲግል አይዝም።»

እያንዳንዱን ኩርባም ያሳየዋል። እዚህ ጋ ጠዋት አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ እዚህ ጋ እረኞች ከብት ያሻግራሉ፤ እዚህ ጋ ከታች የሚመጣ መኪና አይታይህምና ጡሩምባ ንፋ። ልጁ ሲጠይቅ አይቆጣም። «ይሄን እስካሁን አታውቅም?» አይለውም። አሥር ጊዜ የጠየቀውን አሥራ አንደኛ ጊዜ ይመልስለታል፤ ያልጠየቀ ረዳት ነገ ሰው ይዞ ገደል እንደሚገባ ያውቃልና።

ከሚሌ ወዲያ፣ ከሎግያ እስከ ጋላፊ ባለው በረሃ፣ ሹፌሩ ሌላም ነገር ያያል። በመንገዱ ዳር በእግራቸው የሚሄዱ ልጆች አሉ። አምስት፣ ስድስት ሆነው፣ አንዳንዴም ከዚያ በዝተው፣ ፀሐይ ሳይበረታ ይሄዳሉ፤ ሲበረታ ከግራር ሥር ይወድቃሉ። መድረሻቸው ኦቦክ፣ ከዚያ ባሕር፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ ነው። ቆሞ ከጄሪካኑ ውሃ ይቀዳላቸዋል። «ከየት ናችሁ?» ሲላቸው «ከወሎ» የሚሉት ብዙ ናቸው። አንድ ጊዜ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ያቆረ ልጅ ውሃውን ሲቀበለው እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን መሬት ላይ አፈሰሰው። ሹፌሩ ይህን ሚሌ ሻይ ቤት ለጓደኞቹ አውርቷል። ኮምቦልቻ መኪና ማቆሚያው ላይ ለጥበቃው አውርቷል። ለረዳቱ አውርቷል። ቤቱ ግን አልተናገረም። «ቤት ይዤው የምገባ ወሬ አይደለም» ይል ነበር።

ቤት ሲገባ ውሃ ይቀርብለታል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ቡና ይፈላል። ልጁን «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላታል። «ደህና ነው» ትላለች። በዚህ ያበቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች ተሰብስበው አቦሉ ተጠጥቶ ነበር። ልጅቱ ቶናውን ስትቀዳ፣ ዓይኗን ከሲኒው ሳታነሳ፣ «አባ፣ ጋላፊ በእግር ስንት ቀን ያስኬዳል?» አለችው።

ቤቱ ጸጥ አለ። አንዷ ጎረቤት ሳቀች።

«ምን ልትሠሪበት ነው?» አለ አባትየው። «እሱን ትተሽ ደብተርሽን አንብቢ።»

እናትየዋም «እንግዲህ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብላ ነገሩን በተረት ዘጋችው። ወሬው ወደ ስኳር ዋጋ ዞረ። ልጅቱ በረካውን ሳትጠጣ ሲኒውን አጥባ ወጣች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ረዳቱ የሹፌሩን ብርድ ልብስ ሊወስድ ወደ ቤቱ ሲመጣ ደጃፉ ላይ አገኘችው። «ሰው ትጭናላችሁ እንዴ?» አለችው። «ከሚሌ ወዲያ?» ልጁ ነገሩ ገባው። አንጭንም ብሎ ሄደ፤ ግን እንቅልፍ አጣ። ለሹፌሩ ቢናገር ልጅቱን ያስመታታል፤ ባይናገር ደግሞ ውሃ ከሚቀዱላቸው መሐል አንድ ቀን ፊቷን ሊያይ ነው። አንድ ጉዞ ዝም ብሎ ደርሶ መልስ ሄደ። በሁለተኛው ግን ሐረጎ አናት ላይ፣ ጎማውን መትቶ ሲጨርስ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ጀመረና የሰማውን ነገረው።

ሹፌሩ መልስ አልሰጠም። «ግባ» አለው ብቻ። በሩን ዘጋ፤ ሞተሩን አስነሳ። በዚያ ቀን «ቢስሚላህ» አላለም። ማርሽም አልቀነሰም።

ሦስተኛው ኩርባ ላይ መኪናው ፍጥነት ጨመረ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ለቀቀ፤ እንደገና ያዘ። የተቃጠለ ጎማና ብረት የሚመስል ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ማርሽ ሊቀንስ ሞከረ፤ ጥርሱ ተፋጨ እንጂ አልገባም። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ልምዱ ብቻ አዳነው፤ መሪውን ወደ ተራራው ጎን አዙሮ መኪናውን ከግድግዳው ጋር እያሻሸ አቆመው። ረዳቱ ገና ሳይቆም ዘሎ ወርዶ ታኮውን ከጎማው ሥር ጣለ። ከኋላ ጎማዎቹ ነጭ ጭስ ይወጣ ነበር።

ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከታች ኮምቦልቻ ትታያለች። ሹፌሩ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ «ከላይ መቀየር ነበረብኝ» አለ። ረዳቱ ስለ መኪናው የተናገረ መሰለውና «አይዞዎት ጋሼ፣ ተርፈናል» አለው።

ያ ጉዞ ረጅም ሆነበት። ደሴ እንደገባ የመጀመሪያው ማታ ልጁን ጠርቶ ፊት ለፊቱ አስቀመጣት። ስለ በረሃው፣ ስለ ባሕሩ፣ ስለ ደላላው፣ ስለ ቤተሰብ ክብር፣ ስለ ትምህርት ጥቅም ራቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ተናገረ። ልጅቱ የምንጣፉን ጫፍ እያየች «እሺ አባ» አለች። ሹፌሩ ሸክሙ የወረደለት መስሎት ተኛ።

ሚስቱ ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላ «አንተ ተናገርክ» አለችው። «እሷስ ምን አለች?»

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ ልጁን «ኮምቦልቻ ጎማ ላሠራ እወርዳለሁ፤ አብረሽኝ ነይ» አላት። ረዳቱን ቤት አስቀረው። መኪናው ባዶ ነበር። ሐረጎ አናት ላይ ቆሞ ማርሹን ቀነሰና ለምን እንደሚቀንስ ለረዳቱ እንደሚናገረው አድርጎ ነገራት። ኩርባዎቹን አሳያት። እሷም ፊቱን ሳይሆን መንገዱን እያየች መጠየቅ ጀመረች፤ ጡሩምባ ለምን ይነፋል? ፍሬን ለምን ይግላል? እሱም ዓይኑን ከአስፋልቱ ሳያነሳ መለሰላት።

ከዚያ ያን ከንፈሩ የተሰነጠቀ ልጅ ነገራት። ምክር አልጨመረበትም። ውሃው መሬት ላይ ሲፈስ ያየውን ነገራትና «ፈራሁ» አለ። ልጅቱ አባቷ እንዲህ ሲል ሰምታ አታውቅም ነበር።

ሁለት ኩርባ በዝምታ አለፉ።

«ሴቶቹስ?» አለች።

ሹፌሩ ጉሮሮው ደረቀ። ለዚህ የሚሆን ቃል ከልጁ ጋር ተነጋግሮበት አያውቅም። «ይደፍሯቸዋል» አለ በመጨረሻ። «አንዳንዴ ሽፍታው፣ አንዳንዴ ራሱ አሻጋሪው።»

«አውቃለሁ» አለች። «የጓደኛዬ እህት ነግራናለች።»

«እያወቅሽ ነው?» ሊጮህ አፉ ላይ ደረሰ። ግን ኩርባው መጣ፤ እጁ መሪው ላይ ነበር፤ ኩርባውን እስኪጨርስ ቁጣውም አብሮ አለፈ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያ ምን አስመረረሽ?» አላት።

ያን ጊዜ ወጣ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ከትምህርት ቤት ደጃፍ አይጠፋም። መጀመሪያ በነፃ ልሸኝሽ አለ፤ ቀጥሎ ስልክ ቁጥሯን ከየት እንዳገኘ ሳይታወቅ መደወል ጀመረ፤ አሁን ደግሞ አብረሽኝ ካልወጣሽ የኔ ናት ብዬ አስወራብሻለሁ ይላታል። አንድ ቀን ክንዷን ይዞ ጎትቷታል። አረብ አገር ማለት ለእሷ ከዚህ ሰው መጥፊያ ነበር። ብሩም፣ ሳውዲም፣ የጓደኛዋ ቤት የለበሰው ቆርቆሮም ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው።

«ለምን አልነገርሽንም?»

«ስለ ጋላፊ ብጠይቅህ ሰው ፊት ተቆጣኸኝ» አለች። «ይሄን ብነግርህማ ምን ልትለኝ ነው ብዬ።»

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ መንገዱ ሲሰፋ ሹፌሩ መኪናውን ዳር አቆመ። ሞተሩን አጠፋ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» አላት። ልጅቱ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ትንሽ ቆይታ «ለእማ አትንገርብኝ» አለችው። ሹፌሩ እሺ ሊል ፈለገ፤ ግን ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል መስጠት አልወደደም። «ብቻዬን አልነግራትም» አለ። «አንቺ ባለሽበት አብረን እንነግራታለን። ከዚያም በኋላ ሳልነግርሽ የማደርገው ነገር አይኖርም።»

እንደተናገረውም አደረገ። ሰኞ አባትና እናት ከልጃቸው ጋር ትምህርት ቤት ሄዱ፤ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ። ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ሽማግሌ ልከው እንታረቅ ያሉም ነበሩ፤ አባትየው ልጁን ሳይጠይቅ ለማንም እሺ አላለም። ባጃጁ ከደጃፉ ጠፋ። ልጅቱ 12ኛ ክፍል ስትጨርስ ግን አሁንም አረብ አገር መሄድ እንደምትፈልግ ተናገረች፤ በዚህ ጊዜ ስለ ብር ብላ ነው። አባትየው አልወደደውም። እሷም አልተወችውም። ስለ ውሉ፣ ስለ ኤጀንሲው፣ ደመወዙ በማን እጅ ስለመግባቱ፣ ፓስፖርቷን ማን ስለመያዙ ቡና በተፈላ ቁጥር ይከራከራሉ። ጎረቤቶቹም ለምደውት ሐሳብ ይሰጣሉ።

ምሳሌው ይኸው ነው። ልጅቱ ሄደች ወይስ ቀረች ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። እኔ ግን የምቆመው የጋላፊዋ ጥያቄ ላይ ነው።

የ15 ዓመት ልጅ የልቡን ጥያቄ በቀጥታ አያመጣም። ከጎኑ ያለውን ትንሽ ጥያቄ ያስቀድማል፤ ያም ጥያቄ ሲወረወር ቤቱ እንዴት እንደሚቀበለው ያያል። «ጋላፊ ስንት ቀን ያስኬዳል?»፣ «እማ፣ ጓደኛዬ የወር አበባዋ ቀረ አለች»፣ «አባ፣ ኤች አይ ቪ በመሳም ይተላለፋል?»፣ «ጫት መቃም ሐራም ነው?» እነዚህን ሰምተን ምን ይሁን ብለህ ነው ካልን፣ ሁለተኛው ጥያቄ አይመጣም። ልጁ ጥያቄውን ትቶት አይደለም። ወደ ጓደኛው፣ ወደ ስልኩ፣ ወደ ደላላው ይዞት ይሄዳል። ደላላው ደግሞ አይቆጣም። የጠየቁትን ሁሉ በፈገግታ ይመልሳል፤ አገራችን ውስጥ ልጅን በትዕግሥት ከሚያዳምጡት ሰዎች አንዱ ደላላ መሆኑ እጅግ ያሳዝነኛል።

በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ደቡብ ወሎም ከእነዚያ ተመላሾች ብዙ ተቀብሏል። በየሰፈሩ ባዶ እጁን፣ ታሞ፣ አእምሮው ተነክቶ የተመለሰ ልጅ አለ፤ ከዚያው አጠገብ ደግሞ ልጅ በላከችው ብር የተሠራ ቤት አለ። ልጆቻችን ሁለቱንም በዓይናቸው ያያሉ። ስለዚህ አትሂድ የሚለው ቃል ብቻውን አያቆማቸውም። ቤቱን ያየ ልጅ ስለ ቤቱም ሊነገረው ይገባል፤ ስንት እንደፈጀ፣ ያሠራችው ልጅ ስንት ዓመት ደመወዟን እንዳልነካች፣ በሕጋዊ መንገድ ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት እንዳለባት፣ የቤተሰቡ ዕዳ ምን ያህል እንደሆነ። ስለ ገንዘብ ከልጅ ጋር መነጋገር ብዙ ወላጅን ስለ ሰውነት ከመነጋገር እኩል ያሳፍረዋል፤ አብዛኛው ልጅ ግን ቤቱን ጥሎ የሚወጣው ያ ገንዘብ ያሳሰበው ዕለት ነው።

ሹፌሩ ልጁን ሁለት ጊዜ አናገራት። ፊት ለፊት ባስቀመጣት ጊዜ «እሺ አባ» ብቻ አገኘ። ጋቢና ውስጥ፣ ሁለቱም መንገዱን እያዩ፣ ባጃጁን ሰማ። ትልቅ ሰው ፊት ቀና ማለት ነውር ነው ብለን ላሳደግነው ልጅ ፊት ለፊት መቀመጥ ፍርድ ቤት መቆም ይሆንበታል። ጋቢና የሌለን እኛ ደግሞ ሽንኩርት የሚከተፍበት፣ ቡና የሚቆላበት፣ ሰኞ ገበያ አብሮ የሚወረድበት ጊዜ አለን። እጅ ሥራ ላይ ሲሆን አፍ ይፈታል፤ ዝም ማለትም አያሳፍርም። ቡናው ላይ ያለውን ልማዳችንን ግን ልናየው ይገባል። ልጅቱ ፍሙን ስታቀርብ፣ ቆሎውን ስታዞር ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ሁሉን ትሰማለች፤ ምንም መጠየቅ አትችልም።

ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ ይተላለፍ የነበረው «የቀን ቅኝት» ድራማ ስለ ኤች አይ ቪና ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ወላጅ ሊል ያልደፈረውን ሳሎን ድረስ አምጥቶ ተናገረ። አባትም ልጅም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ሰሙት። ሬዲዮ ግን ልጁን መልሶ አይጠይቅም፤ ድራማው ሲያልቅ አንቺ ምን መሰለሽ ማለት የሚችለው ከጎኗ የተቀመጠው ሰው ነበር። ዛሬ ያ ድራማ በስልክ ተተክቷል፤ ስልኩን ደግሞ ልጁ ለብቻው ያየዋል።

በደሴና በኮምቦልቻ ሌላም ያልተነገረ ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች ከአንድ ወር በላይ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ የመንግሥት ጦር የተመለሰው በኅዳር መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ አሥር ዓመት የሞላቸው ልጆች ዛሬ ጎረምሶችና ኮረዶች ሆነዋል። አንዳንዶቹ በእግራቸው ሸሽተዋል፤ አንዳንዶቹ እቤት ቆይተው ሊያዩት የማይገባውን አይተዋል። በብዙ ቤት «አልፏል፣ ተመስገን» ተብሎ ተዘግቷል። ተመስገን ማለት ደግ ነው። ልጁ ግን ሌሊት የሚባንነው ምን አይቶ እንደሆነ እስካሁን የጠየቀው ሰው ላይኖር ይችላል። ያየሁትን እኔ ልንገርህ፣ አንተም ያየኸውን ስትፈልግ ትነግረኛለህ ብሎ ወላጁ ቢቀድም፣ መንገዱ ይከፈታል። ሹፌሩም ጋቢናው ውስጥ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የራሱን ፍርሃት አስቀደመ።

ዝም አይነቅዝም ይላል ተረታችን። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚልም አለን። ሁለቱም የእኛው ናቸው፤ ከልጆቻችን ጋር ግን የመጀመሪያውን ብቻ ስንጠቀም ኖረናል። ክንዷን የተጎተተች ልጅ ዝም ስትል የሚጠቅመው ጎታቹን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ከ13 እስከ 18 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚፈጸም የወሲብ ጥቃትን በአንቀጽ 626 ይቀጣል፤ ሕጉ ግን ሥራውን የሚጀምረው ልጅቱ ለአንድ ትልቅ ሰው ከተናገረች በኋላ ነው። ለዚህ ነው «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» የምትለው አጭር ቃል ከምክሩ ሁሉ መቅደም ያለባት። ምን አድርገሽው ነው የሚለው ጥያቄ ከቀደማት ልጅቱ አፏን ትዘጋለች።

ስለ ወንዶቹም አንድ ነገር ልበል። ይህን ሁሉ የምናስበው ለሴቶች ልጆቻችን ብቻ ነው። በሎግያ መንገድ ዳር በእግራቸው ከሚሄዱት ብዙዎቹ ግን ወንዶች ናቸው። የሹፌሩን ረዳት አስቡት፤ ኩርባውን ሁሉ ተምሯል፤ ስለ ራሱ ሰውነት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ኮንዶም፣ ጓደኞቹ ሲቅሙ እንዴት እንቢ እንደሚል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ነግሮት እንደሆነ ምሳሌው አይናገርም። የባጃጁንም ልጅ አስቡት። እሱም የሰው ልጅ ነው፤ ሴት ልጅ እንቢ ስትል እንቢ ማለቷ እንደሆነ አባቱ ነግሮት ያውቃል?

ይህን ሁሉ በአንድ ማታ መናገር አይቻልም፤ ባይሞከርም ይሻላል። አንዳንድ ወላጅ ደግሞ ምንም ቢያደርግ አፉ አይፈታም፤ እፍረቱ እውነተኛ ነውና አልነቅፈውም። ወሎ ውስጥ ለዚህ የቆየ መላ አለ፤ እናት የማትለውን አክስት ትላለች፣ አባት የማይለውን አጎት ይላል። ጥሩ መላ ነው፤ ጉድለቱ አክስቲቱ ይህ አደራ እንዳለባት ብዙ ጊዜ አለማወቋ፣ ልጅቱም መጠየቅ እንደሚፈቀድላት አለመስማቷ ነው። ስለዚህ የማይችል ወላጅ ለአክስቲቱ ይንገር፤ ልጁንም ጠርቶ ይህን ያህል ብቻ ይበላት፦ «እኔ የማፍርበት ነገር አለ። አክስትሽን ጠይቂያት፤ እንደምትጠይቂያት ነግሬያታለሁ። የምትነግርሽን እኔም ማወቅ ካለብኝ ደግሞ አብራችሁ ኑ።»